ነጭ የደም ሕዋስዎ «አነሰ» ሲባል

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ለሥራ ቅጥር በተደረገልኝ የደም ምርመራ ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ 1,300 ሆኖ «ዝቅተኛ» ተባልሁ። ሌላው ውጤቴ ልክ ነው፤ ኤች አይ ቪም የለብኝም። ወደ ደም ስፔሻሊስት ልከውኛል፤ ቀጠሮው ግን ሩቅ ነው። እስከዚያ እንዳልታመም ጉሮሮዬን በከረከረኝ ቁጥር ከአዲስ አበባ የተላከልኝን ኮትሪሞክሳዞል የተባለ አንቲባዮቲክ እውጣለሁ። ነጭ የደም ሕዋስ የሚጨምረው የትኛው ምግብ ነው?

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ምግብ ነው፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን ሌላ ይመስለኛል። «የደም ስፔሻሊስት» ሲባሉ የደም ካንሰር ታየዎት። እህቴ፣ የደም ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ቀዩን ሕዋስና ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ፕሌትሌት ሳይነካ አይቀመጥም፤ የእርስዎ ሁለቱም ልክ ናቸው።

እንዲህ ያለው ቁጥር በእኛ ሰው ዘንድ የተለመደ ነው። እስራኤል ውስጥ ቤተ እስራኤላውያንንና የየመን አይሁዶችን የሚያክሙ ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል። በብዙዎቻችን ቀይ የደም ሕዋስ ላይ «ዳፊ» የሚባለው ፕሮቲን የለም። ፕሮቲኑ የሌለው ሰው ቫይቫክስ የተባለው ወባ በቀላሉ አይይዘውም፤ በደሙ የሚዘዋወረው ኒውትሮፊልም ዝቅ ይላል፤ በዚህ ምክንያት ግን ከሌላው ሰው ይበልጥ አይታመምም። ስፔሻሊስቱን የዳፊ ምርመራ እንዲያዝልዎ ይጠይቁት።

ለመሆኑ ላቦራቶሪው የቆጠረው ምኑን ነው? በዚያች ቅጽበት በደም ሥርዎ መሐል ሲያልፍ የተገኘውን ብቻ። የደም ሥር ግድግዳ ላይ የተለጠፈው አልተቆጠረም፤ በአጥንት መቅኒ ውስጥ የተጠራቀመው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ጣትዎን እሾህ ቢወጋዎት መጀመሪያ የሚነቃው ከቆዳ ሥር የተቀመጠው ማክሮፌጅ የተባለ ጠባቂ ሕዋስ ነው። በላዩ ያሉት ተቀባዮች በባክቴሪያው ግድግዳ ላይ ያለውን፣ በእኛ ሕዋስ ላይ ግን ፈጽሞ የማይገኘውን ነገር ይለያሉ። ወዲያው ኬሚካል ይረጫል፤ የደም ሥር ይሰፋል፤ ጣትዎ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል። በዚያ የሚያልፈው ኒውትሮፊል ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ግድግዳው ላይ ተንከባሎ፣ ተጣብቆ፣ በሕዋሶቹ መካከል ሾልኮ ይወጣል፤ ባክቴሪያውን ውጦ ይሞታል። መግል የሚባለው በአብዛኛው የእሱ ሬሳ ነው። ብጉርዎ መግል ቋጥሮ፣ ፈርጦ የሚድን ከሆነ ከላቦራቶሪው ወረቀት ይልቅ እሱን እመኑ።

አሁን ወደ ኮትሪሞክሳዞሉ። ይህን በትዕግሥት ለመጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም። የጉሮሮ መከርከር አብዛኛው ከቫይረስ ነው፤ ይህ መድኃኒት ቫይረስ አይነካም። ከባክቴሪያ የመጣ ቢሆን እንኳ ለጉሮሮ የሚመረጥ አይደለም። ከሁሉ የሚብሰው ግን ኮትሪሞክሳዞል ራሱ ኒውትሮፊል ከሚቀንሱ መድኃኒቶች አንዱ መሆኑ ነው! የሚፈሩትን ነገር በገዛ እጅዎ እየዋጡት ሊሆን ይችላል። ስፔሻሊስቱም ይህን ካልነገሩት ምክንያቱን ፍለጋ መቅኒዎን እስከ መውጋት ሊደርስ ይችላል። ዘመድ በሻንጣ የሚልከው ከፍቅር ነው፤ በርበሬና ሽሮ ይላኩልዎ። ክኒኑን ከዛሬ ጀምረው ያቁሙ፤ መቼ መቼ እንደወሰዱት ጽፈው ይያዙ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደምዎን እንደገና ያስመርምሩ። ቀጠሮውንም እንዳያስቀሩ።

የሚያስፈራው ከ500 በታች ሲወርድ ነው። ያን ጊዜ መግል እንኳ ላይቋጠር ይችላል፤ ትኩሳቱ ብቻ ይመጣል። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከመጣ፣ በተለይም ከብርድ ብርድ ማለት ወይም ከአፍ ቁስል ጋር ከሆነ፣ በፓራሲታሞል አብርደው አይተኙ፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱና ቁጥርዎን ይንገሯቸው። ለታይሮይድ ካርቢማዞል ወይም ሜቲማዞል የሚወስድ ሰው ደግሞ ቀድሞ የተለካው ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን፣ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከያዘው በዚያው ቀን ደሙን ያስመርምር።

ስለ ምግቡ፦ ነጭ ሽንኩርትም ጥቁር አዝሙድም ይህን ቁጥር አይጨምሩም። ጾም የሚያዘወትሩ ከሆነ ግን የቪታሚን ቢ12 እጥረት ሊቀንሰው ስለሚችል፣ በሚቀጥለው ምርመራ አብረው ያስለኩት።