በቀንድ ጀምሪ፣ በማንጠልጠያው አትሰስቺ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ባሕር ዳር ሆነሽ ሽቦ፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ የዛፍ ፍሬና ቀንድ ሰብስበሽ ክፍልሽ ሞልቷል። ጌጣጌጥ ልትሰሪበት አስበሽ ከየቱ እንደምትጀምሪ ግራ ገብቶሻል። እኔም ደብረ ማርቆስ ላይ ስጀምር እንደዚሁ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ የምነግርሽ እጄ የተማረውን ነው።

ሌላውን ሁሉ ለጊዜው ማዳበሪያ ውስጥ ክተቺውና ቀንዱን ብቻ አውጪ።

እኛ አገር ቀንድ አይጠፋም። የፋሲካና የገና ማግስት ሉካንዳ ቤት ደጃፍ ተጥሎ ታገኚዋለሽ። አያቶቻችን ዋንጫ የሰሩበት ነገር ነው። ደግሞ ማሽን አይፈልግም። እንደ ጥፍራችን ኬራቲን ስለሆነ በእጅ መጋዝ ይቆረጣል፣ በሞረድ ይበላል፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል።

አዲስ ቀንድ ውስጡ አጥንት አለው። ባልዲ ውስጥ ነክረሽ ውሃውን እየቀየርሽ ጥቂት ሳምንት ታገሺ። ሽታው ከባድ ነው፤ ጎረቤት እንዳይቀየምሽ ከቤት ራቅ አድርጊው። ሲላቀቅ ድንጋይ ላይ መታ መታ ስታደርጊው አጥንቱ ይወጣል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። አደራ፣ ፀሐይ ላይ አታስጪው! የመጀመሪያዎቹን አራት ቀንዶች ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አስጥቼ ማታ ሳወርዳቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቀው ነበር።

ጫፉ ድፍን ስለሆነ ለጉትቻና ለአንገት ጌጥ ይሆናል። በክፍቱ በኩል እየቆረጥሽ ቀለበት ታወጪበታለሽ፤ ስሩ ሰፊ ከሆነ አምባርም ይወጣዋል። ስትሞርጂ አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ ዱቄቱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ቆንጆውን ነገር የሚያመጣው ግን ብርጭቆ ወረቀቱ ነው። በሻካራው በቁጥር 120 ትጀምሪያለሽ፣ ከዚያ 240፣ 400፣ 800። ከ400 ጀምሮ በውሃ እያራስሽ እሺው። አንዱን ቁጥር ዘለሽ ካለፍሽ ጭረቱ መጨረሻ ላይ ያሳጣሻል። መጀመሪያ ላይ አመድ የተነሰነሰበት እንጨት ነው የሚመስለው። 800 ላይ ደርሰሽ ዘይት በነካ ጨርቅ ስታሳልፊበት፣ ከጥቁሩ መሃል ማር የመሰለ መስመር ብቅ ይላል። ስንት ዓመት ሰርቼው እንኳን ዛሬም መስኮት ጋ ወስጄ ሳላየው አላልፍም።

የመዳብ ሽቦውን ሁለተኛ አድርጊው። ከሞተር ጠምጣሚዎች የተቃጠለ ሞተር ሽቦ በርካሽ ይገኛል። ፕላስቲክ የለበሰውን በቢላ ላጪው እንጂ አታቃጥዪ፤ ጭሱ መርዝ ነው። መዳብ ላብ ሲነካው ቆዳ አረንጓዴ ያደርጋል፣ ይህን ለገዢሽ አስቀድመሽ ንገሪያት። በሎሚና በጨው ታሽቶ ሲታጠብ ይጠራል።

ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ክፍል ግን ከመዳብ አትስሪ። ከገበያም ያገኘሽውን አትግዢ። እኔ አንዴ በርካሽ የገዛሁትን ማንጠልጠያ ቀንድ ጉትቻ ላይ አድርጌ ለአንዲት ሚዜ ሸጥኩላት። በሦስተኛው ቀን ጆሮዋ አብጦ፣ ጉትቻውን በወረቀት ጠቅልላ መለሰችልኝ። ምንም አልተናገረችኝም፣ እሱ ነው የባሰብኝ። ርካሽ ብረት ውስጥ የሚገባው ኒኬል ብዙ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሳል። ከዚያ ወዲህ ማንጠልጠያውን አንጥረኛ ጋ በብር አሰራለሁ፤ ካልሆነ ደህና ስቴንለስ። ጌጡ ከተጣለ ነገር ይሁን፣ ሰውነት ውስጥ የሚገባው ግን አዲስና ንጹህ ይሁን።

ፍሬዎቹን በተመለከተ፣ ጉሎ ካለበት አውጪው። ሕፃን ቢያኝከው ሊገድለው ይችላል። ብርብራም እንዲሁ ይቅር፤ ጣና ላይ ፍሬውን ወቅጠው ዓሣ የሚያደነዝዙበት እኮ ነው። የቀረውን በደንብ አድርቂው፣ አለበለዚያ ነቀዝ ይገባበታል። ጠርሙሱ ይቆይ፣ እጅ ይቆርጣል።

የጥይት ቀለህም ሰው ያመጣልሽ ይሆናል። እኔ አልሰራበትም። ሜዳ ላይ የሚለቀመው ውስጥ ያልፈነዳ ሊኖር ይችላል፣ እሳት ወይ መጋዝ ሲነካው አይታወቅም። ደግሞ በዚህ ጊዜ ያንን አንገቴ ላይ ማንጠልጠል ልቤ አይፈቅድም።

የድሮውን የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ይዞ "አቅልጪልኝ" የሚልም አይጠፋም። እባክሽ አታቅልጪው። ላዩ ላይ 1780 የሚል ታያለሽ፤ በኋላ የተመታውም ቢሆን ያንኑ ዓመት ነው የያዘው። 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከመቶ 83 እጁ ብር ነው። ሳትበሺው ዙሪያውን በብር ሽቦ አቅፈሽ ስሪለት። ለልጅ ልጁ ሊያወርሰው የሚችል ነገር ነው።

ቁጥር 800 ወረቀት ግንባታ ዕቃ ሱቅ ካጣሽ ተስፋ አትቁረጪ። መኪና ቀለም ቀቢዎች ጋ ጠይቂ፣ እነሱ አያጡትም።