ሰው ይረሳዋል አይደል?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። እዚሁ ስዊድን ተወልዳ ያደገች የጓደኛዬ ልጅ ናት። እሷም እንደኔ የሰፈር ኳየር ውስጥ ትዘምራለች፤ ያለ ፒያኖ፣ ያለ ጊታር፣ በባዶ ድምፅ። ኳየሯ ውጭ አገር ደርሶ ተመልሷል። ስለ ምግቡ ነገረችኝ። ስለ ሆቴሉ ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ጋሼ፣ ልምምድ ተጀምሯል፤ እኔ ግን ሁለት ማክሰኞ ቀረሁ። እዚያ አንድ ነገር ተፈጥሮ ነበር። ግን ሰው ይረሳዋል አይደል?»

«ይረሳዋል የኔ ልጅ፣ አታስቢ» ብዬ መለስኩላት። ስልኩን አስቀምጬ ሻዬን ጠጣሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዋሽቻታለሁ። ይህን የምጽፈው መልሴን ለማረም ነው። ለእሷ ብዬ ጀመርኩት እንጂ እናንተም በየአገሩ የምትዘምሩ ልጆች ብታነቡት ደስ ይለኛል።

እኔ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። ሰላሳ ዓመት ገደማ ኡፕሳላ ውስጥ የሰው ደም ስመረምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ኡፕሳላ ከስቶክሆልም በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ድንጋይ ብትወረውር ዘማሪ ትመታለህ። ኦርፌይ ድሬንጋር የሚባለው የወንዶች ኳየር እ.ኤ.አ. በ1853 እዚያ ተመሥርቶ እስከ ዛሬ ይዘምራል። የእኛ ግን ስመ ጥር አልነበረም። ነርስ፣ አናጢ፣ የሂሳብ አስተማሪ፣ ጡረተኛ የተሰባሰበበት ነው። ማክሰኞ ማታ አንድ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክፍል ውስጥ እንገናኛለን። የመግቢያ ፈተና የለም። መሃል ላይ ፊካ አለ፤ ቡናና የቀረፋ ዳቦ። አንዳንዱን ለዳቦው ነው የሚመጣው እያልኩ አማው ነበር።

ወደዚያ የወሰደችኝ አንዲት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። ከሌሊት ተረኛነት ስመለስ የማለዳው አውቶቡስ የእሷ ነበር። አንድ ቀን ሳንጎራጉር ሰማችኝና ስወርድ «ባስ ቸግሮናል» አለችኝ። ቋንቋው ገና አልገባኝም፤ በኛ ደግሞ ባስ ማለት አውቶቡስ ነው። «ታዲያ አሁን የምትነጂው ምንድን ነው?» አልኳት። ሳቋ እስከ ኋላ ወንበር ተሰማ። ወፍራም የወንድ ድምፅ ማለቷ ነበር። ሴትየዋ የኳየራችን ዋና ሶፕራኖ ናት፤ ቀጭኑንና ከፍተኛውን የሴት ድምፅ የምትዘምር።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። እኔም ልጅ ሆኜ ዜማ ጀምሬ አቋርጫለሁ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን የዜማ ዓይነቶች በጆሮዬ እለያለሁ እንጂ ከዚያ በላይ አልሄድኩም። የኛ ዜማ አንድ ነው፤ ሁሉም ያንኑ ያዜማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማክሰኞ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነርና ባስ፣ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ድምፅ፣ የተለያየ ነገር ሲዘምሩ ስሰማ ሰዎቹ የተጣሉ መስሎኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ያ ጠብ ሱስ ሆነብኝ።

የኳየሩ መሪ ጆሮዬን አይቶ የመቃኛ ሹካውን ለኔ ሰጠኝ። ሁለት ጣት ያለው ትንሽ ብረት ነው። ጆን ሾር የተባለ እንግሊዛዊ ጥሩምባ ነፊ እ.ኤ.አ. በ1711 እንደሠራው ይነገራል። ጉልበት ላይ መታ ሲያደርጉት በሴኮንድ 440 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ያ ድምፅ ላ የሚባለው ኖታ ነው። ከላ ተነስተህ ዘፈኑ የሚጀምርበትን ኖታ ታገኝና በቀስታ ለሁሉም ታንጎራጉራለህ። ሥራው ይኸው ነው። አባቴ ብረት አያስፈልጋቸውም ነበር። እሳቸው ይመራሉ፣ ሌላው ይከተላል፤ ሚዛኑ የእሳቸው ጉሮሮ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998፣ በግንቦት ወር፣ ኢስቶኒያ ሄድን። ከስቶክሆልም ማታ ተሳፍረህ ጠዋት ዋና ከተማዋ ታሊን ትገባለህ። መርከቡ ላይ ወጣቶቹ እየዘመሩ አመሹ። ከኛ መካከል አንድ አዛውንት ቴነር ግን መስኮቱ ጋ ቆመው ባሕሩን ያዩ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት፣ ሴፕቴምበር 28 ሌሊት፣ ኢስቶኒያ የምትባል መርከብ በዚሁ መስመር ወደ ስቶክሆልም ስትመጣ ሰጥማ 852 ሰው አልቋል። ሰው የሞተባቸው ይሁን አይሁን አልጠየቅኳቸውም። እኔ መጠየቅ ሲገባኝ የማልጠይቅ ሰው ነኝ፤ ይህን ቀጥሎ ታዩታላችሁ።

ጋባዦቻችን እንደኛው የሰፈር ዘማሪዎች ነበሩ። መጀመሪያ የወሰዱን ወደ ትልቁ የመዝሙር ሜዳ ነው። በ1960 የተሠራ ግዙፍ ቅስት አለው፤ ሺዎች ከሥሩ ቆመው ይዘምራሉ። ኢስቶኒያኖች የመዝሙር በዓላቸውን የጀመሩት በ1869 ታርቱ ከተማ ነው፤ ያኔ የዘመሩት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ጋባዦቻችን ለ1999ኙ በዓል ልምምድ ላይ ነበሩ። አንዱ ሰውዬ በ1988 በጋ እዚያ ሜዳ ላይ ሌሊቱን ሙሉ እንዴት እንደዘመሩ በእጁ ጭምር አሳየኝ። በሶቪየት ዘመን የታፈነውን የአገራቸውን መዝሙር አደባባይ ላይ ሲሉት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ነጻ እንወጣለን ብሎ እንዳላሰበ ነገረኝ። ባዶው ሜዳ ላይ ቆመን አንድ ስንኝ ዘመርን። ነፋሱ ወሰደው። እኔ ጉዞ ለኳየር ብዙም አይጠቅምም ባይ ነኝ፤ ገንዘብ ያባክናል፣ ሰው ያኳርፋል። ያችን ቀን ግን በምንም አልለውጣትም።

ኮንሰርቱ ማታ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። ድንጋይ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ድምፅን የሚያስረዝም ቤት። ሰው ሞልቷል። የመጨረሻው ዘፈን ሶፕራኖዋ ብቻዋን የምትዘምረው ሶሎ ያለበት ነው። ዓመቱን ሙሉ የተለማመደችው። ዘፈኑ ከፋ ይነሳል። እኔ ላን ከሹካው ሰምቼ ሁለት ደረጃ መውረድ አለብኝ፤ ላ፣ ሶል፣ ፋ። ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

ሹካውን መታሁ። በዚያች ቅጽበት ፊት ለፊት የተቀመጠች አንዲት ሕፃን አስነጠሰችና ዓይኔ ወደ እሷ ሄደ። ላ፣ ሶል... ሶል ላይ ቆምኩ። እሱኑ ፋ ነው ብዬ ሰጠኋቸው።

ማንም አላወቀም። መሣሪያ የለማ! ያለ መሣሪያ የሚዘምር ኳየር ልክነቱን የሚመዝነው በራሱ ነው። ሁሉም አብሮ ከፍ ካለ ሁሉም ልክ ነው። ባሶቹ እንዲያውም ተመቸን። ሶሎው ከፍ ወደሚልበት ቦታ ሲደርስ ግን፣ ላ መሆን የነበረበት ኖታ ሲ ሆነባት። አንድ ደረጃ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ሌሊቱን መርከብ ላይ ላደረ፣ ለደከመ ጉሮሮ አንድ ደረጃ ገደል ነው። ድምፅዋ ተሰነጠቀ። በዚያ ዝም ባለ ቤት ውስጥ፣ ያ ስንጥቅ ጣሪያው ድረስ ወጥቶ ተመለሰ። እሷ ግን አላቆመችም። እስከ መጨረሻው ዘመረች፤ አንገቷ ግን ቀልቶ ነበር። ከኋላዋ ቆሜ አየሁት።

ሰው ሲያጨበጭብ ሹካውን ጉልበቴ ላይ መታሁና ከጆሮዬ ኋላ ካለው አጥንት ጋር አስጠጋሁት። በጭብጨባ መሃልም በአጥንት ይሰማል። የመጨረሻው ድምፃችን ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ሁለት መሆን ነበረበት። ሹካውን ኪሴ ከተትኩት።

ማታ እራት ላይ ሁሉም አጽናናት። መርከቡ ነው፣ ድካሙ ነው፣ ብርዱ ነው ተባለ። እኔም «ብርዱ ነው» አልኳት። በገዛ አፌ።

አሁን ስለ ልምምዱ ልንገራችሁ። ከተመለስን በኋላ ባለው ማክሰኞ ሁሉም ፎቶ አሳጥቦ መጥቷል። ክፍሉ ቡና ቡና ይሸታል። ልምምዱ ሳይጀመር እሷ ብድግ አለች። «ያን ሁሉ መንገድ ሄዳችሁ መጨረሻውን አበላሸሁባችሁ፣ ይቅርታ» አለች። ሁሉም «ኧረ ተይ» አሏት። መሪውም ሳቀና ወደ ሌላ ነገር ተሻገረ። ጠቅላላው አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሹካው ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ጣቶቼ ነክተውታል። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። በየትኛውም ቋንቋ አጭር ነው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። ይነቅዛል።

ስዊድን ውስጥ በጋ ሲመጣ ኳየር ይዘጋል። በኦገስት መጨረሻ ስንመለስ ወንበሯ ባዶ ነበር። የሥራ ፈረቃዬ ተቀይሯል ብላ ለመሪው ላከች። እውነት ሊሆን ይችላል። የአውቶቡስ ፈረቃ ይቀያየራል። እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የማያስተኛኝም ይኸው አለማወቄ ነው።

መስከረም ላይ ደግሞ ጋባዦቻችን የኮንሰርቱን ካሴት ላኩልን። ያኔ ካሴት የሚገለብጥ ቴፕ የነበረኝ እኔ ነኝና ለሁሉም ላባዛ ወሰድኩት። ቤቴ ገብቼ በር ዘጋሁና ሹካዬን ይዤ አዳመጥኩ። ምንም ጥርጥር የለውም፤ ሶል ነው። በቀጣዩ ማክሰኞ «ካሴቱ መንገድ ላይ ተበላሽቷል» አልኩ። አመኑኝ። የላቦራቶሪ ሰው ይዋሻል ብሎ ማን ያስባል?

የሚገርመው ሥራ ቦታ እንዲህ አልነበርኩም። አንድ ጊዜ የሁለት በሽተኞችን የደም ብልቃጥ ስም አቀያይሬ፣ ውጤቱ ሳይወጣ ደርሼበት፣ ያኔውኑ ቅጽ ሞላሁ። ያ ቅጽ «ጥፋተኛው ማነው» አይልም፤ «ምን ሆነ፣ እንዳይደገም ምን ይደረግ» ነው የሚለው። አለቃዬ አመሰገነችኝ፤ የብልቃጥ አለጣጠፉም ተቀየረ። ኳየር ውስጥ ግን ቅጽ የለም። ወይም አለ፤ ያች ከጉዞ መልስ ያለችው የመጀመሪያዋ ማክሰኞ ናት። ያኔ ሁሉም ትኩስ ነው፣ ሁሉም ያስታውሳል፣ ሁሉም ለመሳቅ ዝግጁ ነው። ሁለተኛው ማክሰኞ ላይ አዲስ ኖታ ይታደላል፤ ለልደት የሚዘመረው ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ብትናገር ሰው «አሁን ምን አስነሳው?» ይላል። ካለፈ አለፈ።

ኖታችሁን አጥኑ፣ በሰዓቱ ድረሱ፣ ውሃ ጠጡ የሚለውን ከኔ አትጠብቁ። እሱን እናቶቻችሁም ይነግሯችኋል።

ስለ እናንተ አንድ ነገር ግን ልበል። የዛሬ ልጆች ኮንሰርቱ ሳያልቅ ቪዲዮውን ትለጥፋላችሁ። መድረኩን በዓይናችሁ ሳይሆን በስልካችሁ ነው የምታዩት። ልምምድ ላይ ደግሞ አንዱ ሲመጣ አንዱ ይቀራል፤ ለጉዞ ምዝገባ ሲወጣ ሁሉም ይገኛል። ያናድደኛል። ግን እውነቱን ለመናገር ያኔ ስልክ ቢኖር ኖሮ እኔ አልደበቅም ነበር። አንዱ ጎረምሳ በማግስቱ ከመተግበሪያ ጋር አስተያይቶ «ጋሼ፣ ሶል ሰጥተኸን ነበር» ይለኛል፤ እሷም በሰዓቱ ታውቃለች። አሁን እኔም ሹካውን ትቼ በስልክ ነው ላን የማገኘው። ጆሮዬ ደክሟል። ስልክ አትያዙ ያልኩት ሰው መሆኔን ልጆቹ እያስታወሱ ይስቁብኛል።

ሴትየዋን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አግኝቻታለሁ። ክረምት ነው፣ በረዶ ይጥላል፣ አውቶቡሱ ቆመና በሩ ተከፈተ፤ እሷ ናት። «አሁንም ትዘምራለህ?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። «ጎበዝ!» አለች። ከኋላዬ ያለው ሰው ይገፋኛል። እስከ መጨረሻው ወንበር ሄድኩ። ከመውረጃዬ አንድ ፌርማታ ቀድሜ በኋላ በር ወረድኩና በበረዶው በእግሬ ሄድኩ። ከሷ ሸሸሁ እንጂ ሌላ ስም የለውም።

እና የኔ ልጅ፣ እዚያ ምን እንደተፈጠረ አልነገርሽኝም፤ እኔም አልጠይቅሽም። አጥፊዋ አንቺ ሁኚ ወይ የተበደልሽው አንቺ፣ አላውቅም። የተበደልሽው አንቺ ከሆንሽ መቅረትሽን አልፈርድብሽም። ሶፕራኖዋም ቀርታለች። ያጠፋሽው አንቺ ከሆንሽ ግን ሁለት ማክሰኞ አልፏል፤ ሦስተኛውን አትጨምሪበት። ቅድም ካለፈ አለፈ ብያለሁ፤ ያን ያልኩት ለራሴ ሰበብ ፍለጋ ነው መሰለኝ። ስትሄጂ ከፊካው በፊት ተናገሪ። ቡና ከተቀዳ በኋላ ማንም አይሰማሽም።

የኛም ልምምድ እስካሁን ማክሰኞ ነው። ከ1998ቱ ሰዎች አራት ብቻ ቀርተናል፤ አንደኛው የሶፕራኖዋን አድራሻ አያጣውም። ትናንት ካሴቱን ከመሳቢያ አውጥቼ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ማጫወቻ ያለው ሰው መኖሩን እንጃ።