መጽሐፉን ወደድሽው፤ ፊልሙን ማን ይጽፈዋል?

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መጀመሪያ ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ልንገራቸው። ጠያቂያችን የጎንደር ልጅ ናት። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተመርቃለች፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፋለች። ከተማው ውስጥ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት አማርኛ እንድታስተምር ሊቀጥራት ፈልጓል። ቅዳሜና እሑድ ፒያሳ አካባቢ ካለ የሠርግ ቪዲዮ ቤት ጋር ትሠራለች። በዚህ መሀል አንድ ልብ ወለድ አንብባ ከልቧ አልወጣ አላት። ታሪኩ ሚስቱ ስለሞተችበት አንድ ልብስ ሰፊና ከብዙ ዓመት ኩርፊያ በኋላ ከአዲስ አበባ ስለተመለሰች ሴት ልጁ ነው። ውጭ አገር ያለው ወንድሟ «ፊልም አድርጊው፤ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» ብሏታል። እናቷ ደግሞ «አርፈሽ አስተምሪ» ይላሉ። እሷም «ማስተማሩን ትቼ ፊልሙን በራሴ ልሥራው ወይ?» ብላ ጠይቃለች።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ፊልሙን አትተዪው። ማስተማሩንም ተቀበዪ። የወንድምሽን ገንዘብ ግን ለጊዜው አትንኪው።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልግባ። «ዳይሬክተር መሆን እፈልጋለሁ» ብለሻል። ደብዳቤሽ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። አባትየው ለምን ዝም እንደሚል፣ ልጅቷ በየትኛው ገጽ ላይ እንደምትለሳለስ፣ አክስትየዋ ለምን ነገር እንደምታባብስ ገጽ ሙሉ ጽፈሻል። ስለ ካሜራ ግን አንድ መስመር የለም። ስለ ብርሃንም ስለ ተዋናይም የለም። እኔ ያነበብኩት የጸሐፊ ደብዳቤ ነው። ይህን የምልሽ ሕልምሽን ላሳንሰው ብዬ አይደለም። ልብ ወለድን ወደ ፊልም የሚለውጥ ጸሐፊ ራሱን የቻለ ባለሙያ ነው፤ አገራችን ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው እንደ ልብ አይገኝም። ካሜራ የሚይዝ ልጅ ጎንደርም ሞልቷል። መጽሐፍ አንብቦ የቱ እንደሚቀረጽና የቱ እንደማይቀረጽ የሚለይ ግን ስንት ታውቂያለሽ?

እስቲ በራስሽ መጽሐፍ እንየው። ደራሲው አባትየው ልጁን ይቅርታ ሊጠይቃት እየፈለገ እንዴት እንዳቃተው አራት ገጽ ሙሉ እንደሚነግሩን ጽፈሻል። አንቺም «እነዚህን አራት ገጾች አንድም ቃል ሳልቀንስ አስገባቸዋለሁ፤ ተራኪ ያነባቸዋል» ብለሻል። አይሆንም፣ እህቴ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው አገር ያዳመጠው ሬዲዮ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ነው። እዚያ ድምፁ ሁሉንም ይሸከማል። ፊልም ላይ ግን አባትየው ዓይናችን ፊት ተቀምጧል። ፊቱን እያየነው ሌላ ሰው ስሜቱን ከተረከልን ተዋናዩ ሥራ ፈታ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ልጅቷ ስትመጣ የቦርሳዋ ዚፕ ተበላሽቷል እንበል። አባትየው ያየዋል፤ ምንም አይልም። ማታ መብራት ይጠፋል። ልጅቷ ጨለማ ውስጥ ተጋድማ ከበረንዳው የስፌት መኪና ድምፅ ትሰማለች። የእግር ሲንጀር ስለሆነ መብራት አይፈልግም። ድምፁ ይቆማል፤ ደግሞ ይቀጥላል። ጠዋት ስትነሳ ቦርሳዋ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ዚፑን ትስበዋለች፤ ይሄዳል። አባትየው ሥራ ወጥቷል። በቃ፤ አራቱ ገጽ ይኸው ነው። ስክሪፕት (ለቀረጻ የሚዘጋጀው የፊልሙ ጽሑፍ) ላይ ከአንድ ገጽ ብዙም አያልፍም። ተመልካቹም ይቅርታ መጠየቁን ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ይህን ምሳሌ የሰጠሁሽ እንድትወስጂው አይደለም። የሥራውን ዓይነት እንድታዪው ነው። መጽሐፉ ውስጥ «ተሰማው፣ አሰበ፣ ተጸጸተ» የሚል ባገኘሽ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህ ሰው በእጁ ምን ያደርጋል? መልስ ካጣሽለት፣ ያ ክፍል ለመጽሐፍ እንጂ ለፊልም አልተፈጠረም።

ቀጥሎ መቁረጥ አለ። በተለመደው አጻጻፍ አንድ የስክሪፕት ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው። 90 ደቂቃ ፊልም 90 ገጽ ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው፤ ያውም ባዶ ቦታ የበዛበት ገጽ። መጽሐፍሽ ከ300 ገጽ በላይ ነው ብለሻል። ስለዚህ አብዛኛው ይቀራል፤ ማልቀስ የለም። እያንዳንዱን ክስተት በትንሽ ወረቀት ላይ ጻፊና ወለል ላይ ደርድሪው። በአባትና በልጅ መካከል ያለውን ነገር የማይለውጠውን ሁሉ አንሺ። አዘዞ ያለችው አክስትና ጎረቤቷ ሁለቱም ነገር አባባሾች ከሆኑ አንድ ሰው አድርጊያቸው። የቤተሰብ ፊልም ሰው ሲበዛበት ይዳከማል። ሦስት አራት ሰው በአንድ ቤት ውስጥ ይበቃል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። «ደራሲው አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት፤ ፊልሙን ጨርሼ ባሳያቸው ደስ ይላቸዋል» ብለሻል። እባክሽ እንዲህ አታድርጊ። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድን ድርሰት ወደ ሌላ ዓይነት ሥራ የመለወጥ መብት የደራሲው ነው። መብቱ በሕይወት ዘመናቸው፣ ከዚያም በኋላ ለወራሾቻቸው ለ50 ዓመት ይቆያል። መብቱ ሲተላለፍ ደግሞ በጽሑፍ መሆን አለበት። በስልክ «እሺ የኔ ልጅ፣ ሥሪው» መባል አያዋጣም። ፊልሙ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ደራሲው «አልፈቀድኩም» ቢሉ ቴሌቪዥኑም ሲኒማ ቤቱም አይነኩልሽም። የወንድምሽ ገንዘብም ውኃ በላው ማለት ነው።

ሙሉ የፊልም መብቱን ዛሬውኑ ለመግዛት አቅም ላይኖርሽ ይችላል። መግዛትም የለብሽም። በአነስተኛ ክፍያ፣ ደራሲው ልባቸው ከፈቀደ ደግሞ በነጻ፣ መብቱን ለአንድ ዓመት ያህል ለሌላ ሰው እንዳይሰጡት የሚያደርግ ውል መዋዋል ትችያለሽ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስክሪፕቱን ትጽፊያለሽ፣ አብሮሽ የሚሠራ ፕሮዲውሰር፣ ማለትም የፊልሙን ገንዘብና ሥራ የሚያስተዳድር ሰው፣ ትፈልጊያለሽ። ካገኘሽ ዋናው ክፍያ ያኔ ይፈጸማል። ካላገኘሽ መብቱ ወደ ደራሲው ይመለሳል፤ የሁለታችሁም ክብር አይነካም። ውሉ ላይ መጽሐፉ የሚለወጠው ወደ አንድ ፊልም ብቻ ነው ወይስ ተከታታይ ድራማንም ይጨምራል፣ በምን ቋንቋ፣ ለስንት ዓመት፣ ገቢ ቢገኝ የደራሲው ድርሻ ስንት ነው፣ ስማቸውስ የት ላይ ይጻፋል የሚለው ይስፈር። አንድ ነገር ደግሞ እንዳትረሺ። ደራሲው ስክሪፕቱን አይተው አስተያየት ብቻ ይሰጣሉ ወይስ ያለ እሳቸው ፈቃድ መቀረጽ አይቻልም? ብዙ ጊዜ ሰው የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። የመጽሐፉንም የመብት ገጽ ተመልከቺ፤ መብቱ ከአሳታሚው ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ለጠበቃ አሳዪው። ለጠበቃ የሚወጣ ገንዘብ አይቆጭም።

ቀረጻው ጋ ብዙ አልቆይም፤ ገና ነው። ግን ፋሲል ግቢን እንደምትቀርጪ ስለጻፍሽ አንድ ነገር ልበል። የጎንደር ፊልም ሲባል ሁሉም ወደ ግቢው ይሮጣል። ቦታው በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ጊዜ ይወስዳል። የአንቺ አባትና ልጅ ደግሞ የሚኖሩት ቤተ መንግሥት ውስጥ አይደለም። አንድ በረንዳ፣ አንድ ጓዳ፣ አንድ የስፌት መኪና ይበቃቸዋል። ጎንደርን ማሳየት ከፈለግሽ በአነጋገራቸው፣ በቡናቸው፣ ቅዳሜ ገበያ ደርሰው ሲመለሱ በያዙት ዘንቢል ትታያለች። ከከተማ መውጣት የሚጠይቅ ትዕይንት ካለሽም ቁረጪው፤ ያለንበትን ጊዜ ታውቂዋለሽ። ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ቀረጻ አታስቢ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ተዋናዩ ምን እንዳለ ማንም አይሰማም። ተመልካች ደብዘዝ ያለ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። የሠርግ ቪዲዮ ቤት ስትሠሪ ምስሉን በሙዚቃ ስለምትሸፍኑት ይህ ችግር አይታይሽም። እዚህ ግን ዋናው ነገር ድምፅ ነው።

ስለ እንጀራሽ ደግሞ በግልጽ ልንገርሽ። በግል የሚሠራ ፊልም ገንዘቡ መጀመሪያ ይወጣል፤ የሚመለሰው፣ ያውም ከተመለሰ፣ ዘግይቶ ነው። ሲኒማ ቤቱ ከትኬቱ ድርሻውን ይወስዳል። ቴሌቪዥን ጣቢያ ፊልሙን ከገዛው ዋጋውን የሚወስነው በአብዛኛው ራሱ ነው። ዩቲዩብ ተመልካች እስኪበረክት ድረስ የሚከፍለው ነገር የለም ወይም ትንሽ ነው። ወንድምሽ ገንዘቡን በላቡ ነው ያገኘው፤ አንቺ ደግሞ ገና አንድ ስክሪፕት አልጻፍሽም። አሁን ከተቀበልሽው የመጀመሪያ ስህተትሽን በእሱ ገንዘብ ትማሪያለሽ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ስልክ መደዋወሉም ይከብዳችኋል። «ስክሪፕቱ ሲያልቅና ውሉ ሲፈረም እነግርሃለሁ» በዪው። ይህን ስትዪው ያከብርሻል እንጂ አይቀየምሽም።

ማስተማሩን እንደ ሽንፈት ማየትሽ አሳዝኖኛል። የከተማችን ልጅ የሆነውን የፊልም ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማን አስቢው። የተወለደው ጎንደር ነው፤ አባቱም ቴአትር ይጽፉ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1975 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርተ ዓመታት ፊልም እያስተማረ ነው ፊልሞቹን የሠራው። «ሳንኮፋ»ን አከፋፋዮች አንወስድም ሲሉት ራሱ አዳራሽ እየተከራየ አሳየው። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ሲሸለም ከሽልማቶቹ አንዱ ለፊልሙ ጽሑፍ የተሰጠ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የመምህር ደሞዝ ነበረው። አንቺም ጠዋት ታስተምሪያለሽ፤ ማታ ትጽፊያለሽ። የተማሪዎችሽ አነጋገር ራሱ ለጆሮሽ ትምህርት ይሆንሻል።

የመጀመሪያው ዓመት ሥራሽ እንግዲህ ይህ ነው። ከመጽሐፉ አንድ ክፍል ብቻ ምረጪ፤ እኔ ብሆን ልጅቷ የምትመለስበትን ቀን እመርጣለሁ። እሱን በ12 ገጽ ስክሪፕት አድርገሽ ጻፊው። ጽፈሽ ስትጨርሺ ቴአትር የሚሠሩ ልጆች ሰብስቢና ቤትሽ ቁጭ ብለው ጮክ ብለው ያንብቡት። አንዱ ተዋናይ «ይሄን አልልም፤ አፌ ላይ አልመጣልኝም» ካለ እመኚው። አስተካክዪና ደግመው ያንብቡት። እነዚህ 12 ገጾች ናቸው የሙያ ማስረጃሽ። ለተከታታይ ድራማ ጸሐፊ የሚፈልግ ፕሮዲውሰር ጋ ስትሄጂ ዲግሪሽን ሳይሆን እነሱን ነው የሚያነበው። የውጭ ድራማ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ስቱዲዮዎችም ንግግር በልክ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋሉ፤ ያም የእንጀራ በር ነው። ቀረጻ ያለው ቡድን ካገኘሽ ደግሞ በየትዕይንቱ መካከል ልብሱ፣ ዕቃውና ንግግሩ እንዳይዛባ የሚመዘግበውን ሥራ ስጡኝ በዪ። የጻፉት ነገር ቀረጻ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ከዚያ ወንበር በደንብ ይታያል። ዳይሬክተርነቱን በዚያ በኩል ብትደርሺበት ይሻላል፤ ምናልባትም ያኔ አትፈልጊው ይሆናል።

ከሁሉም በፊት ግን ለደራሲው ደብዳቤ ጻፊ፤ በዚህ ሳምንት። 12ቱን ገጽ ከመጀመርሽም በፊት። «ለመማሪያ አንድ ክፍል ወደ ስክሪፕት ልለውጥ፣ ለሽያጭ አላወጣውም» ብለሽ ፈቃድ ጠይቂ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ማን እንደሆንሽ በሁለት መስመር፣ የትኛው ክፍል እንደነካሽና ለምን በአንድ አንቀጽ፣ የምትጠይቂው ምን እንደሆነ በግልጽ። «እርስዎ» በዪያቸው። ውዳሴ አታብዢ፤ መጽሐፉን በደንብ ማንበብሽ ከውዳሴ በላይ ደስ ያሰኛቸዋል። ስልክ ቁጥርሽን ከታች አስቀምጪ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ መጽሐፉ ጀርባ ላይ ባለው አሳታሚ በኩል ሞክሪ። እምቢ ካሉሽ ደግሞ አመስግነሽ ሌላ መጽሐፍ ፈልጊ።