ለጀማሪ ጂኦሎጂስቶች፦ ከወርቁ በፊት ስንጥቁን እዩ

ልጆቼ፣ ሳይት እንደገባችሁ የሁላችሁም የመጀመሪያ ጥያቄ «በቶን ስንት ግራም ወርቅ አለው?» ነው። እኔ ግን አስቀድማችሁ «ዓለቱ በየት በኩል ተሰበረ?» ብትሉ እመርጣለሁ።

የጉጂውን የለገ ደምቢ ወርቅ ማዕድን ውሰዱ። የኳርትዝ ቬይኖቹ፣ ማለትም በዓለቱ ስንጥቆች ውስጥ የሞላው ነጭ ማዕድን፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግተው በቁልቁለት ወደ ምዕራብ ይወርዳሉ። ወርቁ የበዛው ግራፋይት ባለበት ጥቁር ዓለት ውስጥ ነው፣ ያውም ከሥሩ ካለው ኔይስ ከተባለው ጠንካራ ዓለት ጋር በሚዋሰንበት አካባቢ። ጥንካሬያቸው የተለያየ ዓለቶች ሲገፉ የሚንሸራተቱት በወሰናቸው ነው፤ ወርቅ ይዞ ከጥልቀት የሚወጣው ትኩስ ፈሳሽም መንገዱን በዚያው ያገኛል።

ይህ ፈሳሽ ወርቁን የሚሸከመው ከሰልፈር ጋር አጣምሮ ነው። ከታች ግፊቱ ሲጠራቀም ስብራቱ ይከፈታል፣ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል፣ ኳርትዙ ስንጥቁን መልሶ ይደፍነዋል። ከዚያ ግፊቱ እንደገና መጠራቀም ይጀምራል። ሪቻርድ ሲብሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ስብራት እንዲህ እንደ ቫልቭ እንደሚሠራ ጽፈዋል። እናንተ ደግሞ በእጃችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። መስመር መስመር ያለው ቬይን ቆርጣችሁ፣ አርሳችሁ በሌንስ ተመልከቱት፤ በነጩ ኳርትዝ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጥቁር መስመሮች አሉ። ስንጥቁ በተከፈተ ቁጥር ከግድግዳው፣ ማለትም ቬይኑን ከከበበው ዓለት፣ የተገነጠሉ ስባሪዎች ናቸው። እኔ እስከ ዛሬ እነሱን ማየት አልጠገብኩም።

ግድግዳውንም አትለፉት። ፈሳሹ ብረት የበዛበት ዓለት ሲያገኝ ሰልፈሩ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ፓይራይት የተባለ ማዕድን ሆኖ ይቀራል፤ ወርቁም ተሸካሚውን አጥቶ እዚያው ይረግፋል።

አንድ ቬይን ከዳር እስከ ዳር እኩል ወርቅ አይዝም። ሀብታሙ ክፍል ብዙ ጊዜ ቬይኑ በሚታጠፍበት ወይም ሁለት ስብራቶች በሚገናኙበት መስመር ተከትሎ ወደ ጥልቀት ይወርዳል። ስለዚህ ቁፋሮው ባዶ ኳርትዝ ሲያወጣ ተስፋ አትቁረጡ፣ ኮሩንም (ከጉድጓዱ የሚወጣውን ድብልብል የዓለት ናሙና) አትጣሉ። የባዶውንም ቬይን አቅጣጫና ዝንባሌ መዝግቡ፤ ሀብታሙ መስመር ወዴት እንደሚወርድ የሚገባችሁ ባዶውንና ሀብታሙን ስታነጻጽሩ ነው። ኮሩ ከመውጣቱ በፊት አቅጣጫው ካልተያዘ ይህ ሁሉ ይጠፋል። በቀን ስንት ሜትር ተቆፈረ በሚባልበት ካምፕ ለዚህ ጊዜ መለመን ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለምኑ፣ ተከራከሩም።

ባህላዊ አምራቾች በቆፈሩበት ስትደርሱም ሰላምታ ሰጥታችሁ፣ አስፈቅዳችሁ፣ ኮምፓስ ይዛችሁ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሂዱ። የት አስፍተው እንደቆፈሩ፣ የት እንደተዉት፣ ለምን እንደተዉትም ጠይቋቸው፤ መልሳቸውን ካርታችሁ ላይ አስፍሩት።