ለ22 ጠመንጃ የብረት ዒላማ? ቀላሉን ግዛ

ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትክ። ጥያቄህን እንዳየሁት ነው መልስ ልጽፍ ያሰብኩት፤ ግን በሁለት መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ ቆየሁ። ላላየው ሰው ባጭሩ፦ ጠያቂው የአዘዞ ልጅ ነው፣ አሁን ዴንቨር ይኖራል። ለራሱና ለ15 ዓመት ልጁ 22 ካሊበር ጠመንጃ ገዝቷል። ወረቀት ላይ መተኮስ ሰልችቷቸዋል። ሲመታ የሚወድቅ፣ የሚሽከረከር ወይም የሚወዛወዝ የብረት ዒላማ ይፈልጋሉ፤ የቱን እንደሚገዙ ግን ግራ ገብቷቸዋል። «በያጅ ጋ ሄጄ ባሠራውስ?» ብሎም ጠይቋል።

እኔ አሁን ጎንደር ነኝ፣ ሳሙና በር አካባቢ ብየዳ ቤት አለኝ። ከዚያ በፊት ግን አሜሪካ ብዙ ዓመት ብረት ቆራጭ ነበርኩ። የምንቆርጠው በአብዛኛው ለድንጋይ ማውጫ ማሽኖች የሚሆን ጠንካራ ብረት ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ የዒላማ ትእዛዝ ይመጣ ነበር። ሥራ ቤት የነበሩት ልጆች ተኩስ ይወዱ ስለነበር እሑድ እሑድ የቆረጥነውን ይዘን እየወጣን እንሞክረው ነበር። ብረቱንም ተኩሱንም ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ ለማለት ነው።

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልንገርህ። ለ22 ዒላማ ስትገዛ መጀመሪያ የምታየው ክብደቱን ነው። ሰው ሁሉ «ወፍራም ይሁን፣ ወፍራም ይሁን» ይላል። ለክላሽ ወይም ለምንሽር ቢሆን እኔም እላለሁ። ለ22 ግን ወፍራም ገዛህ ማለት ሐውልት ገዛህ ማለት ነው። ትመታዋለህ፣ ቅጭል ይላል፣ ንቅንቅ አይልም። ልጅህ ደግሞ የፈለገው እንቅስቃሴውን ነው።

ሒሳቧ ቀላል ናት። የተለመደችው የ22 ጥይት፣ 22 ሎንግ ራይፍል የምትባለው፣ አረሯ 40 ግሬይን ትመዝናለች፣ 2.6 ግራም ገደማ ማለት ነው። ፍጥነቷ በሰከንድ ከ320 እስከ 380 ሜትር ነው። የ9 ሚሊ ሽጉጥ ደግሞ 7.5 ግራም ገደማ የሚመዝን አረር በተቀራራቢ ፍጥነት ይልካል። ስለዚህ ሽጉጡ ብረቱን ሦስት እጥፍ ያህል ይገፋዋል። አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። ለሽጉጥ ተብሎ የሚሸጠው ክብ ሳህን ብዙ ጊዜ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 9.5 ሚሊ ውፍረት አለው፤ እናንተ እዚያ ሦስት ስምንተኛ ኢንች የምትሉት ነው። ይሄ 1.3 ኪሎ ይመዝናል። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 6 ሚሊ ውፍረት ያለው ግን 370 ግራም ብቻ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር የሆነችው ደግሞ 100 ግራም እንኳ አትሞላም። ያችው አንዲት ጥይት ከባዱን ነካ አድርጋ ትተወዋለች፣ ቀላሉን ትወረውረዋለች። ለዚህ ነው «ለሽጉጥም ለ22ም ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠውን ዕቃ የማልወደው። ለሁለቱም ይሆናል ሲሉህ ብረቱ አይበሳም ማለታቸው ነው፤ በ22 ይንቀሳቀሳል አላሉህም።

ስለዚህ ስፋትና ውፍረት ብቻ ተጽፎ ክብደቱ ካልተጻፈ ራስህ አስላው። የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ብረት ክብደት 7.85 ግራም ነው። ልጅህን አሠራው፣ የሒሳብ የቤት ሥራ ይሁነው።

አሁን ስለ ጥንካሬው። ጥሩ የሚባሉት ዒላማዎች የሚሠሩት ኤአር 500 ከሚባል ብረት ነው። 500 የምትለዋ ቁጥር የብሪኔል ጥንካሬ መለኪያ ናት። የተለመደው ለስላሳ ብረት፣ እዚህ ከሱቅ የምንገዛው ጥቁር ላሜራ ማለት ነው፣ በዚያው መለኪያ 120 አካባቢ ነው። ልዩነቱን ተመልከት። ኤአር 500 ለዒላማ ተብሎ የተፈጠረ እንዳይመስልህ፤ ድንጋይ የሚጭኑ መኪናዎችንና የሎደር ባልዲዎችን ድንጋይ እንዳይበላቸው ከውስጥ የሚለብሱት ብረት ነው። ለ22 ሎንግ ራይፍል ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6 ሚሊ ገደማ፣ ከበቂ በላይ ነው። የ22 ጉልበት ከ140 እስከ 200 ጁል ነው፤ የክላሽ 2,000 አካባቢ ይደርሳል። አይገናኙም።

«ታዲያ ለስላሳው ላሜራ 22ን አይችልም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ይችላል። ለ22 ብቻ ተብለው በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ ለስላሳ ብረት ናቸው፣ ወፈር ያለ ከሆነ ሎንግ ራይፍል አይበሳውም። ችግሩ ሌላ ነው። አረሩ የመታው ቦታ ጎድጎድ እያለ ይሄዳል፣ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ይጎብጣል። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለብህ። የእርሳስ አረር ጠንካራና ጠፍጣፋ ብረት ሲመታ ተጨፍልቆ ይፈነጣጠራል፣ ፍንጣሪው ወደ ተኳሹ ሳይሆን በብረቱ ፊት አቅጣጫ ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ብረቱ ከጎደጎደ ግን ጉድጓዱ ፍንጣሪውን አዙሮ ወደ አንተ ይመልሰዋል። የተጎዳ ብረት ፈጽሞ አትተኩስበት፣ ገልብጠህም አትጠቀምበት፤ የጎበጠ ነገር በጀርባው ቀና አይሆንም።

ሌላም አለ። ዛሬ 22 ሎንግ ራይፍል ነው የያዝከው፤ ነገ 22 ማግነም ወይም 17 ኤችኤምአር የሚባሉትን ፈጣን ጥይቶች የሚተኩስ መግዛትህ አይቀርም፣ ይሄ ነገር ሱስ ነው። ማግነሟ ያንኑ 40 ግሬይን በሰከንድ 570 ሜትር ገደማ ትልካለች። 17ቷ አረሯ ትንሽ ናት፣ ግን 770 ሜትር ትበራለች። ለስላሳውን ብረት ይበሉታል። ዒላማው ላይ «ለ22 ሎንግ ራይፍል ብቻ» የሚል ከተጻፈ ብቻ ማለት ብቻ ነው።

ወደ ዓይነቶቹ ልምጣ። ለአባትና ለልጅ እኔ ያለምንም ማመንታት የምመርጠው ዛፉን ነው። አንድ ቋሚ ብረት ላይ ትንንሽ ሳህኖች ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው፣ ሲመቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚዞሩት ማለቴ ነው። እያንዳንዱ ተኳሽ አንድ ጎን ይይዛል፣ ሳህኖቹን ሁሉ ወደ ባላጋራው ጎን ያዞረ ያሸንፋል። ሄዶ ማንሳት የለም፣ ገመድ መጎተት የለም፣ ጨዋታው አያልቅም። ግን የ22 ዛፍ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጥ። የሽጉጥ ዛፍ ሳህን በ22 ግማሽ መንገድ ሄዶ ይመለሳል፣ ከዚያ «መታሁት፣ አልመታኸውም» ክርክር ነው፣ ከልጅ ጋር ደግሞ አታሸንፍም። መዞሪያውንም እይ። ቡሎን በቱቦ ውስጥ ገብቶ የሚዞር ከሆነ አሸዋና ዝገት ያስቸግረዋል፤ ትንሽ ልቀቅ ያለ፣ በጣትህ ስትነካው በነጻ የሚዞር መሆን አለበት።

ሁለተኛው በመደዳ የተሰቀሉ ሳህኖች ያሉት ነው። አራት አምስቱን ትመታለህ፣ እየተነሱ ይቀራሉ፣ ለብቻው ያለችውን ስትመታ ሁሉም ይመለሳሉ። ደስ ይላል። ድክመቱ መመለሻዋ ሳህን ሁሉንም መግፋት ስላለባት ፈዘዝ ባለ ጥይት አትሠራም፤ ድምፁ ቀነስ እንዲል ተብሎ የተሠራውን ቀርፋፋ ጥይት የምትጠቀም ከሆነ ገመድ የሚጎተትለትን ምረጥ። መቆሚያው ቀላል ስለሆነ ደግሞ በራሱ ይንሸራተታል፣ የአሸዋ ከረጢት ጫንበት።

ተሽከርካሪው፣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚገዛው፣ ቶሎ ይሰለቻል። ርካሽ ነው፣ ለጀማሪ ያስደስታል፣ ያን ያህል ነው። እየዞረ ሳለ ግን አትተኩስበት። ሲዞር ፊቱ ወዴት እንደሆነ አታውቅም፣ ፍንጣሪውም ወዴት እንደሚሄድ አታውቅም። ይቁም፣ ከዚያ።

ተንጠልጣይ ጠፍጣፋ ብረት፣ ደወል የሚመስለው፣ ለርቀት ነው። 10 ሴንቲ ሜትሩን 50 ሜትር ላይ ስቀለው፣ ሲለምድላችሁ 100 ሜትር። በዚያ ርቀት የ22 ምት ድምፁ ሳስቶ ነው የሚመጣው፣ ንፋስ ካለ ላትሰማው ትችላለህ፤ ስለዚህ እዚህም የሚወዛወዝ ቀላል ብረት ይሁን፣ ነጭ ቀለምም ርጭበት። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ መቀባት ሥራ ይመስላል እንጂ የት እንደመታህ የሚነግርህ እሱ ነው። ስፋቱን ስትመርጥ ደግሞ ጠመንጃህ ወረቀት ላይ ጥይቶቹን ስንት ሴንቲ ሜትር ውስጥ እንደሚሰበስብ እይና የዚያን ሦስት እጥፍ ያዝ። 50 ሜትር ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከሰበሰበ፣ 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ዒላማ ለልጁ ፍትሐዊ ነው። በጣም ትንሽ ገዝተህ ልጁን ተስፋ አታስቆርጠው።

አሁን የብየዳው ጥያቄ። በአስተያየቱ ውስጥ አንዱ «ላሜራ ቆርጠህ አንጠልጥል፣ ምን ያካብዳል» ብሏል፤ ሌላው «የሲኖ ባሌስትራ (የጭነት መኪና ሞላ) የመሰለ ብረት የት ይገኛል» ብሏል። ስለ ላሜራው ተናግሬያለሁ። ባሌስትራ ጠንካራ ነው፣ እውነት ነው፣ ግን ጎባጣ ነው። ጎባጣ ፊት ፍንጣሪውን እንደፈለገው ይበትነዋል። ያረጀ ባሌስትራ ውስጡ ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል ተመትቶ ሊሰበርም ይችላል። ተውት። «አባቶቻችን ገደል ላይ ያለ ነጭ ድንጋይ እየመቱ ነው ተኩስ የተማሩት» ላልከው ደግሞ፣ አዎ፣ ድንጋይ ላይ የተተኮሰ ጥይት ወዴት እንደሚፈናጠርም እነሱው ያውቃሉ።

እውነተኛ ኤአር 500 ብታገኝ እንኳ በያጅ ጋ ስትሄድ ተጠንቀቅ። ያን ጥንካሬ ያገኘው በሙቀት አያያዝ ነው፤ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ ካለፈ መልሶ ይለሰልሳል። ሳህኑ ላይ የበየድክበት ዙሪያ ሁሉ ለስላሳ ቦታ ይሆንና እዚያው ይጎደጉዳል። በኦክስጅን ሲቆረጥም ጠርዙ እንደዚያው ነው፤ በውኃ ወይም በሌዘር የተቆረጠ ይሻላል። እኔ በያጅ ሆኜ ልንገርህ፣ ጥሩ ዒላማ ሳህኑ ያልተበየደ ነው። በቡሎን የታሰረ ይሁን፣ የቡሎኑ ጭንቅላት ክብና ለስላሳ ይሁን፣ ዳዶውና ሞላው ከኋላ ይሁኑ። ሳህኑ ፊቱን ትንሽ ወደ መሬት ያዘንብል፣ ፍንጣሪው ወደ ታች እንዲሄድ። በሰንሰለት ፋንታ የጎማ ቀበቶ ቁራጭ ብታንጠለጥልበት ጥይት ቢያገኘው ይበሳዋል እንጂ ወደ አንተ አይመልስብህም። መቆሚያውን ግን በያጅ ይሥራልህ፣ ቱቦላሬም ፌሮም ይሆናል፤ ከሳህኑ ፊት ምንም ብረት እንዳይወጣ ብቻ ንገረው።

የገዛኸው እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ሞረድ ውሰድና ጠርዙን ሞርደው። ለስላሳው ላይ ይነክሳል፣ ዱቄት ያወጣል። ጠንካራው ላይ ይንሸራተታል፣ በጭንቅ ይጭረዋል።

ስለ ጥንቃቄ አላስረዝምብህም፣ ግን የማይታለፍ አለ። መነጽር ለተኳሹ ብቻ አይደለም፣ ቆሞ ለሚያይም ነው። ርቀቱን አምራቹ የጻፈውን ያዝ፤ እኔ ለ22 ከ25 ሜትር አላቀርብም። ከኋላ የአፈር ቁልል ይኑር፣ ይቺ ትንሽ የምትባል ጥይት ወደ 2 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። እርሳስ ስለሆነ ሳትታጠቡ አትብሉ፤ ሳንድዊች ይዞ የሚመጣ ልጅ ካለህ ይሄ የመጀመሪያው ሕግ ይሁን። እናንተ ጋ ብዙ የተኩስ ሜዳዎች የራስህን ብረት አያስገቡህም፣ ጫካ ከሆነም በእሳት ወቅት ክልከላ ይኖራል፣ ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ።

በውስጥ መስመር «እዚሁ ጎንደር ሥራልን» ያላችሁኝ ደግሞ፣ አልሠራም። የጦር መሣሪያ አዋጁ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ሳይኖር መያዝን ይከለክላል፣ ጊዜውም የተኩስ ድምፅ የሚያጫውት ጊዜ አይደለም። የበር፣ የመስኮትና የአጥር ሥራ ካለ ኑ።

ወንድሜ፣ ለማሳጠር አስቤ ነበር፣ አልሆነም። ከመክፈልህ በፊት ያየኸውን ዛፍ ፎቶ ከነስፋቱና ከነውፍረቱ ላክልኝ፣ ክብደቱን አስልቼ ይዞር አይዞር እነግርሃለሁ። ከጀርባውም የተነሳ ፎቶ ካለ ጨምርበት፤ ብየዳውን የሚደብቁት እዚያ ነው።