መጀመሪያ ቤቱ ይዘጋጅ፣ እባቡ ከዚያ ይምጣ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያ እባብሽን ልትወስጂ ነው። የጥቂት ወር ኮርን ስኔክ። እስካሁን ያለሽ የመስታወት ሳጥን ብቻ ነው፤ ሌላውን እሱ ከመጣ በኋላ ቀስ እያልሽ ልታሟይ አስበሻል። ምን ላስቀድም፣ አልበላም ካለስ ብለሽ ጠይቀሻል። እናትሽም በጣም እንደሚፈሩ ነግረሽናል። እኔ ኮርን ስኔክ ማሳደግ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁሉም በፊት ቀኑን አራዝሚው። ለሚሰጥሽ ሰው ደውለሽ «ሁለት ሳምንት ያቆዩልኝ» በይ። እዚያ እየበላ፣ እየሞቀ ቢቆይ ምንም አይጎዳም። አንቺ ጋ መጥቶ ባልተዘጋጀ ቤት ውስጥ ቢያድር ግን ይጎዳል።

ይህን የምልሽ ስለደረሰብኝ ነው። የእኔዋን ከሳጥኑ ጋር በአንድ ቀን ነው ያመጣኋት። ከሳጥኑ ሥር የሚነጠፈውን ማሞቂያ በቀጥታ ሶኬት ላይ ሰካሁት። በመዳፌ ነካሁት፣ ለብ ያለ ነው፣ ጥሩ ነው አልኩ። እሷ ቀኑን ሙሉ ውኃ መጠጫዋ ውስጥ ተጠቅልላ ዋለች፤ አፍንጫዋ ብቻ ከውኃው በላይ ይታያል። ውኃ የምትወድ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ፎቶ ሁሉ አነሳኋት። ማታ ጓደኛዬ ሽቦ ያለው ቴርሞሜትር ይዞ መጣና ጫፉን ከንጣፉ ሥር አስገባው። 43 ዲግሪ። ለካ ልጅቷ ስትዋኝ ሳይሆን ከሙቀት ስትሸሽ ነው የዋለችው። ያ ፎቶ እስከዛሬ ስልኬ ላይ አለ፤ ባየሁት ቁጥር ሆዴን ይበላኛል።

ስለዚህ ከሁሉ የምታስቀድሚው ቴርሞስታት ነው። ሙቀቱ አንቺ ከወሰንሽው ቁጥር ሲያልፍ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥልሽ ወይም የሚቀንስልሽ እሱ ነው። ያለ እሱ ምንም ዓይነት ማሞቂያ እንዳትሰኪ። እባብ እንደ እኛ የሰውነቱን ሙቀት ራሱ አያመነጭም፤ ሲበርደው ወደ ሞቃቱ፣ ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛው እየሄደ ነው የሚያስተካክለው። ስለዚህ ሳጥኑ ሁለት ጫፍ ሊኖረው ይገባል። በሞቃቱ በኩል ከ29 እስከ 31 ዲግሪ፣ በሌላኛው በኩል ከ22 እስከ 24 ይሁን። ማሞቂያው የሳጥኑን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ይሸፍን። ሙሉውን ካሞቅሽው የሚሸሽበት ያጣል።

የቴርሞስታቱን የመለኪያ ጫፍ እንዳይነቃነቅ አድርገሽ እሰሪው። እባቡ ገፍቶ ካነሳው መሣሪያው የሚለካው ቀዝቃዛ አየር ይሆናል፤ ስለዚህ «ገና አልሞቀም» እያለ ማሞቁን ይቀጥላል። ከቴርሞስታቱ ሌላ ለየጫፉ አንድ አንድ ዲጂታል ቴርሞሜትር ይኑርሽ። አምፖል ከተጠቀምሽ እባቡ እንዳይጠመጠምበት የሽቦ መከለያ አድርጊለት፣ ማታም ብርሃኑን አጥፊ። ኤሌክትሪክ የሚሰካበት ሰው ሠራሽ ድንጋይ ይሸጣል፤ ቢሰጡሽም አትቀበይ። እባብ ሆዱ እየተቃጠለ ሳይነሳ ሊቆይ ይችላል።

ይህን ሁሉ ባዶው ሳጥን ውስጥ አንድ ሳምንት አሠሪው። ጠዋትና ማታ ቁጥሩን እያየሽ ጻፊ። የክፍሉ አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ፣ ቀን ፀሐይ ሲገባ ምን እንደሚሆን የምታውቂው እንደዚያ ነው።

ቀጥሎ መደበቂያ። ሁለት ያስፈልጋል፣ በየጫፉ አንድ። ሞቃቱ ጋ ብቻ ካስቀመጥሽ፣ እባቡ ከመታየት መቃጠል ይሻለኛል ብሎ እዚያው ይቀራል። ሰፊ አይሁን። ተጠቅልሎ ሲተኛ ጎኑ ግድግዳውን የሚነካ፣ ጠበብ ያለ ነው የሚያረጋጋው። በር የተቀደደለት ትንሽ ካርቶን ይበቃል። ትንሽ እባብ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ይጨነቃል የሚሉሽ ሰዎች ልክ ናቸው፤ የሚጨነቀው ግን ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ነው። ቅጠሉን፣ ቅርንጫፉን፣ የወረቀት ጥቅልሉን አብዢለት። ሲያድግ ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚሆን 120 በ60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቤት ይፈልጋል፤ ከአሁኑ አስቢበት።

ክዳኑ ደግሞ የሚቆለፍ ይሁን። ዕቃ ጭኖበት መተው አይሠራም። የጥቂት ወር ኮርን ስኔክ ውፍረቱ ከእርሳስ ብዙም አይበልጥም፤ ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው አካሉ ይከተላል። የሽቦ ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን ሳይቀር ድፈኚ።

ንጣፉ ላይ ብዙ አትጨነቂ። አስፐን የሚባለው የእንጨት ፍቅፋቂ ጥሩ ነው፤ መሹለኪያ ይሠራበታል። ሲዳር የሚባለው እንጨት ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ሽታው ለመተንፈሻው መርዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የወጥ ቤት ወረቀትም ይሆናል፣ ኩሱንም በደንብ ያሳይሻል። ውኃ ሁልጊዜ ንጹሕ ይሁን። የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ከሆነ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ፈራሽው ወደ ምግቡ። እባቡ እንደመጣ ለአንድ ሳምንት አትንኪው፣ አታብይውም። ውኃ ቀይሪ፣ ሂጂ። ይህ ሳምንት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ በየሰዓቱ ካርቶኑን እያነሳሁ አይ ነበር። ያነሳሽው መደበቂያ ግን ለእሱ መደበቂያ መሆኑ ይቀራል።

ከሳምንት በኋላ ገና ፀጉር ያላበቀለች፣ በረዶ የሆነች የአይጥ ልጅ፣ ፒንኪ የሚሏትን፣ ፍሪጅ ውስጥ አቅልጪ። ከዚያ በላስቲክ አድርገሽ ሙቅ ውኃ ውስጥ አቆያት፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ ግን አይሆንም። ውፍረቷ ከእባቡ ወፍራም ቦታ ጋር እኩል ወይም ትንሽ የሚበልጥ ይሁን። በመቆንጠጫ ያዥለት፣ በጣትሽ አይሁን። ካልወሰደ መደበቂያው በር ላይ አስቀምጠሽ መብራት አጥፍተሽ ውጪ። ሌሊቱን ካደረች ጣያት። በሕይወት ያለ አይጥ አትስጪ፤ አይጥ ይናከሳል፣ እባቡን ክፉኛ ያቆስለዋል።

እምቢ ካለ በማግሥቱ ደግመሽ አታስጨንቂው። ቁጥሮቹን እዪ፣ አምስት ወይም ስድስት ቀን ጠብቂ፣ ከዚያ ሞክሪ። በኩሽና ሚዛን በየሳምንቱ መዝኚው። ክብደቱ ካልወረደ አንድ ሁለት ምግብ ማለፉ አያስደነግጥም። ክብደቱ እየወረደ ከሄደ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጂው። መብላት ሲጀምር ከአምስት እስከ ሰባት ቀን አንዴ ይበቃዋል።

ከበላ በኋላ ለ48 ሰዓት እንዳትነኪው። እኔ የእኔዋ የመጀመሪያ ምግቧን ስትበላ ከደስታዬ ብዛት በማግሥቱ አውጥቼ ያዝኳት። ማታ አስመለሰችው። ማስመለስ ለእባብ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሰውነቱን ይጎዳል። ሁለት ሳምንት ሳላበላ ጠብቄ፣ ከበፊቱ ባነሰ ምግብ ነው እንደገና የጀመርኩት።

ስትይዢውም ከላይ አትውረጂበት። ከላይ የሚመጣ እጅ ለእሱ አሞራ ነው። ከጎን በኩል ገብተሽ ከሥሩ ደግፊው፤ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

አንድ ቀን ዓይኑ ወተት እንደነካው ሰማያዊ ሆኖ ታገኚዋለሽ። አልታወረም። ቆዳ ሊቀይር ነው። ሞስ በሚባል እርጥበት የሚይዝ ለስላሳ ተክል የተሞላ፣ ቀዳዳ ያለው እርጥብ ሳጥን አስገቢለትና ተዪው። ዓይኑ እንደገና ይጠራል፣ ከዚያ በጥቂት ቀን ውስጥ ቆዳው ይወልቃል። የወለቀውን ቆዳ አትጣይው፤ የጭንቅላቱን በኩል መስኮት ላይ ወደ ብርሃን ያዢው። እባብ የዓይን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን የሚሸፍነው ስስ ግልጽ ቅርፊት አብሮ መውጣት አለበት። ሁለት ትናንሽ ክብ መስኮቶች ካየሽ ወጥቷል። አንዱ ከቀረ በጥፍርም በወረንጦም አትንኪው። እርጥበቱን ጨምሪለት፤ በሚቀጥለው ጊዜም ካልወጣ ለሐኪም አሳዪው። አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ፣ ሲያፏጭ ወይም አፍንጫው ላይ አረፋ ስታዪ ግን አንድ ቀንም አትጠብቂ። ውኃው ውስጥ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ካሉ ደግሞ ተባይ ሊሆን ይችላል።

ስለ እናትሽ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እየተባለ ባደግንበት ቋንቋ መፍራታቸው አይገርምም፤ አታስገድጃቸው፣ አታሹፊባቸውም። ኮርን ስኔክ መርዝ እንደሌለው ንገሪያቸው። ቁልፉን አሳያቸው። 15 ወይም 20 ዓመት ሊኖር እንደሚችልም ሳትደብቂ ከአሁኑ ንገሪያቸው። እንደ ሌሎች ተሳቢዎች ሁሉ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊኖርበት ስለሚችል ከነካሽው በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። የአይጡ ዕቃ ከቤቱ ዕቃ ይለይ፣ የውኃ መጠጫውም ኩሽና አይታጠብ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ በተለይ ተጠንቀቂ።

ስትደውዪ የሚሰጥሽን ሰው እነዚህን ጠይቂው። እዚያው የተፈለፈለ ነው ወይስ ከዱር የተያዘ? መቼ በላ፣ ምን በላ፣ ስንት ጊዜ በላ? ከዱር ከሆነ ተዪው። ያለሽበት ቦታ እባብ ማሳደግ ፈቃድ የሚጠይቅ እንደሆነም አጣሪ።

ባዶው ሳጥን ሰባት ቀን ከሠራ በኋላ የሞቃቱንና የቀዝቃዛውን ጫፍ ቁጥር እዚህ ጻፊልኝ። አብረን እናየዋለን፤ ከተስተካከለ ሂጂና አምጪው።