የኮረብታው ጫፍ የቱ ጋ ነው? ስለ ሊዳር የጠየቃችሁኝና መልሱ

ከአውሮፕላን በሌዘር የተለካ የመሬት ከፍታ መረጃ፣ ማለትም ሊዳር፣ በነፃ መገኘት ከጀመረ ወዲህ ኮረብታ የሚወጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያነሳል፤ የረገጥነው በእርግጥ ከፍተኛውን ቦታ ነው ወይ? ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጠየቃችሁ። በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሊዳር እንዴት ነው የሚሠራው? ባጭሩ።

አውሮፕላኑ በሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የሌዘር ብልጭታ ወደ መሬት ይለቃል። ብልጭታው ሄዶ እስኪመለስ የወሰደው ጊዜ ርቀቱን ይነግራል፤ እያንዳንዱ ምላሽም ቦታና ከፍታ ያለው አንድ ነጥብ ይሆናል። ከአንድ ብልጭታ ከፊሉ ቅጠል ነክቶ ሲመለስ ቀሪው ሾልኮ መሬት ሊነካ ይችላል። ዛፍ ሥር ያለው መሬት የሚለካው በዚህ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ ጫፉ ላይ ቆሜ የስልኬን ጂፒኤስ ባነብስ?

አይሆንም። ስልክ ክፍት ሰማይ ሥር እንኳ ወደ ጎን 5 ሜትር አካባቢ ይስታል፣ ወደ ላይ ደግሞ ይብስበታል። ጥሩ ሊዳር ሌላ ነገር ነው። ለምሳሌ የአሜሪካው ብሔራዊ ፕሮግራም 3ዲኢፒ በመደበኛ ደረጃው በካሬ ሜትር ቢያንስ 2 ነጥብ ይጠይቃል፤ የሚፈቅደው የከፍታ ስህተትም ክፍት መሬት ላይ 10 ሴ.ሜ. አካባቢ ነው። በዚያ ላይ በአንድ በረራ የተለኩ ሁለት ጎረቤት ጉብታዎች ስህተቱን በአብዛኛው ይጋሩታል። ስለዚህ የሁለቱ ልዩነት ከራሱ ከከፍታው ቁጥር የበለጠ ይታመናል። ለእኛ ደግሞ የሚያስፈልገን ልዩነቱ ነው።

ጥያቄ፦ የትኛውን ፋይል ላውርድ?

ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። ዲኤስኤም ዛፍና ቤትን ይጨምራል። ዲቲኤም እነሱን አንስቶ መሬቱን ብቻ ያሳያል። ሦስተኛው ጥሬ ነጥቦቹ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ በላዝ ፋይል ይመጣሉ። በዲቲኤም ጀምሩ፣ ጥሬውን ግን አብራችሁ አውርዱ። በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ጥያቄ፦ ዲቲኤሙን ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነፃ የካርታ ፕሮግራም ላይ ከፍቼ ከፍተኛውን ፒክስል አገኘሁ። አለቀ ማለት ነው?

አላለቀም። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የ1 ሜትር ሞዴል፣ ማለትም ፒክስሉ 1 ሜትር የሆነ ዲቲኤም፣ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚይዘው። በካሬው ውስጥ ሹል ድንጋይ ካለ ቁጥሩ ዙሪያው ካለው ዝቅ ያለ መሬት ጋር ተዳምሮ ይወርዳል፤ ወይም ብልጭታው ጭራሽ የድንጋዩን አናት ስቶ ጎኑን መቶት አልፎ ይሆናል። ከዚህ የባሰው ግን ማጣሪያው ነው። መሬትን ከዛፍና ከቤት የሚለየው ፕሮግራም ድንገት ቀጥ ብሎ የሚነሳ ነገር ሲያገኝ መሬት አይደለም ብሎ ያወጣዋል፣ እናም ቋጥኝ አናት ላይ ሲደርስ ትክክለኛውን ጫፍ ቆርጦ ይጥላል። ቁጥቋጦ ጥቅጥቅ ያለበት አናት ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሌዘሩ አፈሩ ጋ ሳይደርስ ይቀርና መሬቱ 20 ወይም 30 ሴ.ሜ. ከፍ ብሎ ይመዘገባል። አንዱ ጉብታ ቋጥኝ፣ ሌላው ቁጥቋጦ ከሆነ ሞዴሉ ዝቅተኛውን ከፍተኛ አድርጎ ሊያሳያችሁ ይችላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ጥሬ ነጥቦቹን ክፈቱ። ክላውድኮምፔር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ከአናቱ 20 በ20 ሜትር ያህል ቁረጡና ከጎን ተመልከቱት። መሬቱ ወፍራም መስመር ሆኖ ይታያል። ከመስመሩ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብለው ጠባብ ቦታ ላይ የተሰበሰቡ ነጥቦች ካሉ፣ ሰው የከመረው ድንጋይ ወይም የቀያሾች ምሰሶ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ አይቆጠርም፣ የሚለካው ሥሩ ያለው የተፈጥሮ መሬት ነው። ብቻዋን አየር ላይ ያለች ነጥብ ወፍ ልትሆን ትችላለች። ነጥቦቹ ከመሬቱ ሳይቋረጡ ተያይዘው ወደ ላይ ከወጡ ግን ቋጥኝ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፣ ሄዳችሁ እዩት።

ጥያቄ፦ ያገኘሁት ከፍታ ከካርታው በ40 ሜትር ይለያል። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?

ፋይሉ ደህና ነው፣ የተለየው መነሻው ነው። የሊዳሩ አውሮፕላን ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በጂፒኤስ ነው። ጂፒኤስ የሚለካው ኤሊፕሶይድ ከሚባለው ሒሳባዊ ቅርጽ ተነስቶ ሲሆን፣ ካርታ ግን ከባሕር ጠለል ይነሳል። የሁለቱ ልዩነት እንደየቦታው ይለያያል፤ ከህንድ በስተደቡብ 100 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ፋይሉ በየትኛው እንደተሰጠ መግለጫው ላይ ተጽፏል፣ መጀመሪያ እሱን አንብቡ።

ጥያቄ፦ የአውሮፕላን ሊዳር በሌለበት አገርስ?

ብዙ ሰው የሚጠቀመው በየካቲት 2000 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካውን ኤስአርቲኤም ነው። ፒክስሉ 30 ሜትር ስለሆነ የትኛው ኮረብታ እንደሚበልጥ ለመገመት ይረዳል፣ የትኛው ድንጋይ እንደሚበልጥ ግን አይነግርም። አይስሳት-2 የምትባለው ሳተላይት ሌዘር አላት፤ ሆኖም የምትለካው በቀጫጭን መስመሮች ላይ ነው። መስመሩ በኮረብታችሁ አናት ካላለፈ ምንም አይጠቅማችሁም።

ጥያቄ፦ ለጥቂት ሴንቲሜትር ይህን ያህል ድካም ለምን?

ሴንቲሜትር ስም ያስቀይራል። እንግሊዝ ውስጥ ካፍ ቶፕ የሚባል ኮረብታ አለ። ተራራ ለመባል ብዙዎች የሚቀበሉት መስፈርት 2000 ጫማ፣ ማለትም 609.6 ሜትር ነው። በ2016 ይፋ የሆነው ልኬት 609.606 ሜትር ሆነ። በ6 ሚሊሜትር አለፈ! ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ ስጉር ናን ኬናይቸን 913.43 ሜትር ሆኖ በመገኘቱ 914.4 ሜትር ከሚጠይቀው ሙንሮ ከሚባለው የስኮትላንድ ከፍተኛ ተራሮች ዝርዝር በ2009 ተሰርዟል። እነዚህን የወሰነው ሊዳር ሳይሆን ጫፉ ላይ ለረጅም ሰዓት የተተከለ የቀያሽ ጂፒኤስ ነው። ሊዳር የሚጠቅመው መሣሪያውን የት እንደምትተክሉ ለማወቅ ነው፣ እሱም ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ጫፍ ቦታውን ይለውጣል?

በረዶ ከሆነ አዎ። የስዊድን ከፍተኛው ተራራ ኬብነካይሴ ደቡባዊ ጫፉ በረዶ ነው። ቀልጦ ቀልጦ በ2019 ከሰሜናዊው የድንጋይ ጫፍ በታች ወረደ። የሊዳር ፋይላችሁ የተለካበትን ዓመት ማየት አትርሱ፤ የድንጋይ ማውጫ ባለበት ኮረብታ ላይም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ጉብታ በ5 ሴ.ሜ. ተበላለጡብኝ። የቱን ልመን?

ፋይሉን አትመኑ፣ 5 ሴ.ሜ. ከስህተቱ በታች ነው። ሁለቱም ጋ ሂዱ። አንዳችሁ አንደኛው ጉብታ ላይ ባለ መነፅር የቀያሽ ሌቭል (በአግድም ቀጥ ብሎ የሚያሳይ መሣሪያ) ትከሉ፣ ሌላችሁ መለኪያ ዘንግ ይዛችሁ መጀመሪያ መሣሪያው አጠገብ፣ ከዚያ ሁለተኛው ጉብታ ላይ ቁሙ። ዘንጉ ላይ ትንሹ ቁጥር የተነበበበት ቦታ ነው ከፍተኛው። ከዚያ መሣሪያውን ወደ ሌላው ጉብታ አዛውራችሁ ድገሙት፤ ሁለቱ ውጤቶች ከተስማሙ በቃ። በ100 ሜትር ርቀት የመሬት ክብነት የሚያመጣው ልዩነት 1 ሚሊሜትር ስለማይሞላ እሱ አያሳስባችሁ።